ኦሪጅናል፣ አማራጭ ወይስ ሐሰተኛ? ለትራክተርና ለውሃ መሳቢያ ሞተር መለዋወጫ እንዴት እንምረጥ?

(ለሞዴል አርሶ አደሮች የእርሻ መሣሪያዎች አያያዝ ሥልጠና የተዘጋጀ ጽሑፍ)

1. መግቢያ

በግል፣ በማኅበር ወይም በክላስተር ትራክተር፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወይም መውቂያ ካላችሁ መለዋወጫ መግዛት የማይቀር ሥራ ነው። ሱቅ ገብታችሁ ፊልትሮ ስትጠይቁ ባለሱቁ ሦስት ካርቶን ደርድሮ "የቱን ልስጥህ? ኦሪጅናሉን፣ ሁለተኛውን ወይስ ርካሹን?" ይላችኋል። ሦስቱም በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በዋጋ ግን እጥፍና ከዚያም በላይ ይለያያሉ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንደኛው፣ ርካሹን ሁሉ ገዝቶ በሰኔ እርሻ መሐል ወይም ሽንኩርቱ ውሃ በሚፈልግበት ሳምንት ማሽኑ ቀጥ ሲል መደንገጥ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ለማይገባው ዕቃ ሁሉ ከፍተኛ ዋጋ እየከፈሉ በመጨረሻ አስፈላጊ ለሆነው ዕቃ ገንዘብ ማጣት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኛው ዕቃ ላይ ገንዘባችሁን ማፍሰስ፣ የትኛው ላይ ደግሞ መቆጠብ እንደምትችሉ ማሳየት ነው።

2. በገበያ ላይ ያሉ የመለዋወጫ ዓይነቶች

"ኦሪጅናል" የሚለው ቃል በገበያ ላይ ለብዙ ነገር ስለሚውል በመጀመሪያ ዓይነቶቹን እንለይ።

ሀ. የማሽኑ አምራች ዕቃ፦ በማሽኑ አምራች ስምና ካርቶን፣ በአምራቹ የዕቃ ቁጥር የሚሸጥ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ልኩና ጥራቱ ግን ለዚያ ማሽን ተፈትኗል።

ለ. ለአምራቹ ዕቃ የሚያቀርበው ፋብሪካ በራሱ ስም የሚሸጠው፦ የትራክተር ፋብሪካ ሁሉንም ዕቃ ራሱ አይሠራም። ለምሳሌ በብዙ የማሴ ፈርጉሰን ሞዴሎች ላይ የተገጠመው ሞተር የፐርኪንስ ነው። የናፍጣ ፖምፓውን፣ ኩሽኔታውንና ፊልትሮውን ሌሎች ፋብሪካዎች ያቀርባሉ። እነዚህ ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን ዕቃ በራሳቸው ካርቶን ሲሸጡት ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። ዋጋንና ጥራትን አብሮ ለሚፈልግ ገዢ ብዙውን ጊዜ የተሻለው ምርጫ ይኸ ነው።

ሐ. አማራጭ ዕቃ፦ ከማሽኑ አምራች ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ፋብሪካ፣ ለማሽናችሁ እንዲገጥም አድርጎ በራሱ ስም የሚሠራው ነው። ይህ ሕጋዊ ዕቃ ነው። ጥራቱ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ በጣም ይለያያል፤ አንዳንዱ ከኦሪጅናሉ አያንስም፣ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ወቅት አይዘልቅም።

መ. ሐሰተኛ ዕቃ፦ የታዋቂ ፋብሪካ ስምና ካርቶን አስመስሎ የተሠራ ነው። አማራጭ ዕቃ "እኔ ሌላ ነኝ" ብሎ ይሸጣል፤ ሐሰተኛው ግን "እኔ እሱ ነኝ" ይላል። ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፤ የኦሪጅናል ዋጋ ከፍላችሁ የምታገኙት ጥራት የለውምና።

ሠ. ያገለገለ ዕቃ፦ ከሌላ ማሽን የተፈታ ነው። ለአንዳንድ ዕቃ ይጠቅማል፣ ለአንዳንዱ ጨርሶ አይሆንም። በክፍል 4 እንመለስበታለን።

ስለዚህ ጥያቄው "ኦሪጅናል ነው ወይስ አይደለም?" ብቻ መሆን የለበትም። "ይህን የሠራው ማነው? ስሙን አውጥቶ የሚሸጥ ፋብሪካ ነው? ቢበላሽ የምመልስበት ሰው አለ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

3. ዋናው መለኪያ፦ ይህ ዕቃ ቢበላሽ ምን ይዞ ይጠፋል?

እያንዳንዱን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

• ቢበላሽ ሰው ይጎዳል?
• ቢበላሽ ሌላ ውድ ዕቃ ይዞ ይበላሻል?
• ቢበላሽ በእርሻ ወይም በመስኖ ወቅት ሥራ ያስቆማል? ለመቀየርስ ስንት ቀን ይፈጃል?

ለሦስቱም መልሱ "አይ" ከሆነ አማራጭ ዕቃ ግዙ፣ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ከሦስቱ አንዱ "አዎ" ከሆነ ከላይ በ"ሀ" ወይም በ"ለ" ከተጠቀሰው ዓይነት አትውረዱ።

የሞተር ዘይት ፊልትሮን እንውሰድ። ራሱ ፊልትሮው ርካሽ ነው። በውስጡ ግን ዘይቱን የሚያጣራ ወረቀትና ወረቀቱ ሲደፈን የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ አለ። ቫልቩ የተሠራው ሞተሩ ዘይት አጥቶ እንዳይነክስ ነው፤ ሲከፈት ያልተጣራው ዘይት በቀጥታ ወደ ሞተሩ ያልፋል። ጥራት የሌለው ፊልትሮ ወረቀቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል፣ ወይም ሙጫው ይላቀቃል፣ ወይም ቫልቩ ያለጊዜው ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ አይቆምም፣ ድምፁም አይለወጥም፤ ቆሻሻው ዘይት ግን ብሮንዚናውንና ኮሎውን ቀስ በቀስ ይበላል። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ሞተሩ ዘይት ሲበላና ኃይል ሲያጣ ነው። ያኔ ማንም ፊልትሮውን አያስታውስም፤ "ሞተሩ አረጀ" ይባላል።

የናፍጣ ፊልትሮም እንዲሁ ነው። በናፍጣ ፖምፓ ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ የአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በዓይን የማይታይ የአሸዋ ቅንጣት ወይም የውሃ ጠብታ ፖምፓውንና ኖዝሉን ለማበላሸት ይበቃል። ናፍጣን በጀሪካን ቀድተን፣ በሜዳ ላይ በአቧራ መሐል የምንሞላ በመሆናችን የእኛ ማሽን ጥሩ ፊልትሮ የሚያስፈልገው ከማንም በላይ ነው።

4. ዕቃዎችን በሦስት ክፍል እንለያቸው

4.1 ዋጋ የማንደራደርባቸው (የ"ሀ" ወይም የ"ለ" ዓይነት ብቻ)

• የሞተር ዘይት፣ የናፍጣና የአየር ፊልትሮ፤
• የናፍጣ ፖምፓ ክፍሎችና ኖዝል፤
• ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚና እና የቴስታታ ጓርኒሲዮን፤
• የፍሬን ሸራና የፍሬን ጎሚኒዎች፤
• የመሪ መገጣጠሚያዎች (ቴስቲና)፤
• የሃይድሮሊክ ፖምፓ ክፍሎችና ጎሚኒዎች።

የፍሬንና የመሪ ዕቃ በዚህ ክፍል የገባው ለማሽኑ ብለን ሳይሆን ለሰው ብለን ነው። እህል የጫነ ተጎታች እየሳበ ቁልቁለት የሚወርድ ትራክተር ፍሬኑ ቢከዳ የሚጠፋው ሕይወት በዋጋ አይተመንም።

4.2 በጥንቃቄ አማራጭ ሊሆኑ የሚችሉ

• ኩሽኔታ፦ በኩሽኔታ ጠርዝ ላይ የተጻፈው ቁጥር በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ነው። ለምሳሌ 6205 የሚል ኩሽኔታ የትኛውም ፋብሪካ ይሥራው የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በትራክተሩ አምራች ካርቶን የገባውን በውድ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ከታወቀ ኩሽኔታ ፋብሪካ የተሠራውን ግዙ። ከቁጥሩ በኋላ የሚከተሉትን ፊደላት ጭምር መዝግቡ፤ መሸፈኛው የብረት ይሁን የጎማ እንዲሁም ሌሎች ልዩነቶችን የሚያመለክቱት እነሱ ናቸው።

• ቺንጋ፦ በጀርባው ላይ የስፋቱ ፊደልና የርዝመቱ ቁጥር ተጽፏል። ሁለቱም ከአሮጌው ጋር መግጠም አለባቸው። ሁለት ወይም ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚሠሩ ከሆነ ሁሉንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲገባ ሸክሙ በእኩል አይከፋፈልም።

• ካንዴላ፦ በቤንዚን የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያላችሁ ቁጥሩን ተከተሉ። ለምሳሌ ለሆንዳ ጂኤክስ 160 ሞተር አምራቹ ከሚያዝዛቸው አንዱ የኤንጂኬ ፋብሪካ ቢፒአር6ኢኤስ የተባለው ነው። ስለገጠመ ብቻ ሌላ ቁጥር ያለው ካንዴላ አትሰሩ፤ የሙቀት ደረጃው ሊለይ ይችላል።

• ባትሪ፣ ጎማና ከመነዳሪ፦ በልክና በደረጃ ከገጠሙ የታወቀ አማራጭ ፋብሪካ ምርት ይበቃል። የተመረተበትን ጊዜ ግን እዩ፤ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ባትሪ አዲስ አይባልም።

• ቡሎን፦ በራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይኖረዋል። ይህ የጥንካሬ ደረጃው ነው። የተፈታው 10.9 ከሆነ በ8.8 ወይም ቁጥር በሌለው አትተኩት።

4.3 በነፃነት የምትቆጥቡባቸው

መብራት፣ መስታወት፣ ወንበር፣ የጭቃ መከላከያ፣ የቀለም ሥራ፣ እንዲሁም አፈር የሚበላቸው የማረሻ ጫፎችና የመጎልጎያ ጥርሶች። የማረሻ ጫፍ በአካባቢ ብረታ ብረት ሥራ ቤት ሲሠራ ከኦሪጅናሉ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል፤ ቢያልቅ ግን የሚያልቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ዕቃ ይዞ አይሄድም።

ያገለገለ ዕቃም በዚህ ክፍል ቦታ አለው። ቸርኬ፣ የካምቢዮ ቤት፣ ያልተሰነጠቀ ከባድ ብረት ያገለገለ ቢሆንም ይሠራል። ጎሚኒ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮና ኩሽኔታ ግን ያገለገለ አይገዛም።

4.4 ልዩ ማስጠንቀቂያ፦ ጠንካራ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም

ከትራክተሩ ጀርባ ኃይል የሚወስደው ዘንግ (ፒቲኦ) በአብዛኛው በደቂቃ 540 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ይህ በአንድ ሴኮንድ 9 ዙር ማለት ነው። በብዙ ማሽኖች ዘንጉ ላይ ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ቡሎን አለ። ማሽኑ ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲያገኝ ይህ ትንሽ ቡሎን ተሰብሮ የውድ ማርሹን ሳጥን ያድናል። አንዳንዶች "ይህ ቡሎን ቶሎ ቶሎ ይሰበራል" ብለው የበለጠ ጠንካራ ወይም የሚስማር ብረት ይተኩበታል። ከዚያ በኋላ የሚሰበረው ማርሹ ነው። በመመሪያው የታዘዘውን ደረጃ ብቻ ግዙ፤ ደርዘን ገዝታችሁ በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። የዘንጉ መሸፈኛ ደግሞ ኦሪጅናል ይሁን አማራጭ ችግር የለውም፤ ሳይኖር መሥራት ግን አይፈቀድም። ነጠላ ወይም የሸሚዝ ጫፍ ከያዘ ሰውየው ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አያገኝም።

5. ሒሳቡን እንሥራ

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ እናንተ የገበያችሁን ዋጋ አስገቡበት።

ምሳሌ 1፦ የማረሻ ጫፍ
ኦሪጅናሉ 3000 ብር፣ 40 ሄክታር ያርሳል እንበል። ለ1 ሄክታር 75 ብር ማለት ነው።
የአካባቢው ሥራ 1200 ብር፣ 20 ሄክታር ያርሳል እንበል። ለ1 ሄክታር 60 ብር ማለት ነው።
ለመቀየር ብዙ ጊዜ ካልፈጀ የአካባቢው ሥራ ያዋጣል።

ምሳሌ 2፦ የዘይት ፊልትሮ
ጥሩው 1800 ብር፣ 250 ሰዓት ይሠራል እንበል። ለ1 ሰዓት 7 ብር ከ20 ሳንቲም።
ርካሹ 700 ብር፣ በ125 ሰዓት ይቀየራል እንበል። ለ1 ሰዓት 5 ብር ከ60 ሳንቲም።
በዚህ ስሌት ርካሹ በ250 ሰዓት 400 ብር ያተርፋል። ነገር ግን ሁለት ነገር አልተቆጠረም። አንደኛ፣ ፊልትሮ ሲቀየር ዘይትም አብሮ ይቀየራል፤ በ250 ሰዓት አንድ ጊዜ የነበረው የዘይት ወጪ ሁለት ጊዜ ይሆናል። የዚህ ወጪ ብቻውን የተገኘውን 400 ብር ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ያለጊዜው ቢታደስ የሚወጣው ብርና ትራክተሩ ቆሞ የሚታለፈው የኪራይ ገቢ አለ።

ከሁለቱ ምሳሌ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በሰዓት ወይም በሄክታር ስንት እንደሚወጣና አብሮ የሚመጣውን ወጪ አስሉ። አንዳንዴ ርካሹ ያዋጣል፣ አንዳንዴ አያዋጣም፤ የሚለየው ስሌቱ ነው።

6. ሐሰተኛ ዕቃን እንዴት እንለያለን?

• አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ቁመቱን፣ ጥርሱን፣ ክብደቱን ጎን ለጎን አወዳድሩ። ሐሰተኛ ፊልትሮ ብዙ ጊዜ በእጅ ሲመዘን ይቀላል፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ትንሽ ነውና።
• የማሽኑን ሞዴል፣ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ትራክተሮች የተለያየ ሞተር ሊኖራቸው ይችላል።
• ካርቶኑን እዩ። የደበዘዘ ኅትመት፣ የተሳሳተ ፊደል፣ የተቀደደና እንደገና የተጣበቀ ክዳን፣ ከዕቃው ላይ ካለው ቁጥር ጋር የማይገጥም የካርቶን ቁጥር የማጭበርበር ምልክት ነው።
• ኩሽኔታ በጣታችሁ አሽከርክሩ። መንከርከር ወይም መያዝ ካለው አትግዙ። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጥርት ብሎ የተቀረጸ መሆን አለበት።
• የአየር ፊልትሮ ውስጥ በጨለማ ቦታ የእጅ ባትሪ አብሩበት። ብርሃን በቀዳዳ ጎልቶ ከወጣ ተቀዷል ወይም ሙጫው ለቋል።
• ዋጋው ከሌሎች ሱቆች ሁሉ በጣም ካነሰ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ።
• ደረሰኝ ይሰጣችሁ። በደረሰኙ ላይ "ፊልትሮ" ብቻ ሳይሆን የፋብሪካው ስምና የዕቃው ቁጥር ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ጉድለቱን እንዳያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ መልሱ። ያለ ደረሰኝ ግን መብቱን ማስከበር አስቸጋሪ ነው።

አንድ ነገር ከእናንተም ይጠበቃል። የኦሪጅናል ዕቃ ባዶ ካርቶን ሳትቀዱ አትጣሉ፤ ለማንም አትስጡ፤ አትሽጡም። ባዶው ካርቶን ተመልሶ ሐሰተኛ ዕቃ ይሞላበትና ለጎረቤታችሁ፣ ምናልባትም ለራሳችሁ ይሸጣል።

7. ጥሩ ዕቃ ጥሩ አያያዝን አይተካም

ኦሪጅናል ዕቃ መግዛት ብቻውን ማሽን አያድንም።

• የውሃ መሳቢያ ፓምፕን ውሃ ሳትሞሉ አታስነሱ። በፓምፑ ዘንግ ላይ ያለው የውሃ መከላከያ (ሲል) የሚቀዘቅዘው በውሃው ነው፤ በደረቁ ከተሽከረከረ ኦሪጅናሉም ርካሹም እኩል ይቃጠላሉ።
• በሆንዳ ጂኤክስ 160 ዓይነት ሞተር ላይ የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ ይቀየራል። የሚይዘው ከግማሽ ሊትር ብዙም ያልዘለለ ስለሆነ ትንሽ ሲጎድል እንኳ ይጎዳል፤ ሁልጊዜ ከማስነሳታችሁ በፊት ለኩ።
• የወረቀት አየር ፊልትሮን በናፍጣ ወይም በቤንዚን አትጠቡ። በአየር ስታራግፉም በዝግታ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱ ውስጥ ይቀረቀራል።
• ናፍጣን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወንፊት አጥልላችሁ ሙሉ፤ ከታንከሩ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ በየጊዜው አፍስሱ።
• ማሽኑ በዋስትና ጊዜ ውስጥ ከሆነ አስመጪው የሚያዝዘውን ዕቃ ብቻ ተጠቀሙ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ። በሌላ ዕቃ ምክንያት ለደረሰ ብልሽት አስመጪው ዋስትናውን ሊከለክል ይችላል።

8. ወቅቱ ሳይደርስ መዘጋጀት

ብዙ አርሶ አደር መጥፎ ዕቃ የሚገዛው ስለማያውቅ ሳይሆን ስለሚጣደፍ ነው። ዝናቡ ጥሎ፣ መሬቱ ለእርሻ ደርሶ፣ ጎረቤት ተራ እየጠበቀ ማሽኑ ሲቆም በወረዳው ከተማ የተገኘው ሁሉ ይገዛል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ለመምረጥ ጊዜ የለም። መፍትሔው ግዢውን ወደ ሥራ ፈት ወቅት ማምጣት ነው።

• በዝናብ ለሚያርሱ ትራክተሮች በየካቲትና በመጋቢት፣ ለመስኖ ሞተሮች በመስከረምና በጥቅምት ዕቃ ተሟልቶ ይቀመጥ።
• ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ፊልትሮ፣ አንድ ቺንጋ፣ ተሰባሪ ቡሎኖች፣ ፊውዝ፣ ለቤንዚን ሞተር አንድ ካንዴላ፣ ለፓምፕ አንድ ሲል ይኑራችሁ።
• በአንድ ቀበሌ ተመሳሳይ ማሽን ያላችሁ በኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ወይም በዩኒየናችሁ በኩል አብራችሁ እዘዙ። ብዛት ያለው ገዢ በዋጋ ይደራደራል፣ ከአስመጪው በቀጥታ ይገዛል፣ ቢበላሽም ተጠያቂ ያገኛል።
• ለእያንዳንዱ ማሽን ደብተር ይኑር። ቀን፣ የሠራበት ሰዓት፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የፋብሪካው ስም፣ ዋጋውና የተገዛበት ሱቅ ይመዝገብ። ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው አማራጭ ፋብሪካ ለመሬታችሁ እንደሚበቃ ከማንም ባለሱቅ በላይ የሚነግራችሁ ይህ ደብተር ነው።

9. ማጠቃለያ

ውድ ሁሉ ጥሩ፣ ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ሰው የሚጎዳ፣ ሌላ ዕቃ ይዞ የሚጠፋና ሥራ የሚያስቆም ዕቃ ላይ አትቆጥቡ። አፈር ለሚበላውና ለብቻው ለሚያልቀው ዕቃ ከልክ በላይ አትክፈሉ። ስሙን ደብቆ ወይም የሌላውን ስም ለብሶ የሚሸጠውን በምንም ዋጋ አትግዙ። እናንተ በምትገዙት ዕቃ ላይ የሚሠራው ማሽን የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን በኪራይ የምታርሱላቸውን ጎረቤቶችም ማሳ ጊዜ ይወስናል።

10. ለቡድን ውይይት

1. ባለፈው የምርት ዘመን ማሽናችሁ ስንት ቀን ቆመ? ከቆመባቸው ቀናት ስንቱ በመለዋወጫ ምክንያት ነበር?
2. በቅርቡ የገዛችሁትን አምስት ዕቃ ጻፉና በክፍል 4 መሠረት የትኛው ምድብ ውስጥ እንደሚገባ ለዩ። ለየትኛው ከሚገባው በላይ፣ ለየትኛውስ ከሚገባው በታች ከፈላችሁ?
3. በቀበሌያችሁ ተመሳሳይ ማሽን ያላቸው እነማን ናቸው? ለሚቀጥለው ወቅት አብራችሁ ለማዘዝ ምን ያስፈልጋችኋል?